ስለ ኃጢአት ዕዳና ስለ ምሕረት ተስፋ

ልጆች ሆይ፤ በአገራችን «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባል ተረት አለ። ይህ ተረት ስለ ገንዘብ ሲነገር እውነትነት አለው። አባት ብር ወይም እህል ተበድሮ ሳይከፍል ቢሞት፤ ርስቱን የወረሰው ልጅ ዕዳውንም ይወርሳል፤ አበዳሪውም ወደ እርሱ መጥቶ ይጠይቀዋል። ነገር ግን ይህን ተረት በገንዘብ ብቻ ሳይወስን፤ በደልንና ደምንም እንደ ብር ቈጥሮ ከአባት ወደ ልጅ፤ ከወንድም ወደ ወንድም የሚያስተላልፍ ሰው አለ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እንመርምር። ኃጢአት የማን ዕዳ ነው? ለባለዕዳውስ ምን ተስፋ አለው?

በሰሜን ወሎ ቆቦ የምትባል ከተማ አለች። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ፤ በሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። በምዕራብ በኩል ከፍ ያሉ የደጋ ተራሮች ቆመዋል፤ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ይታያል፤ በመካከሉ የራያ ቆላ ተዘርግቷል። መሬቱ ለማሽላና ለጤፍ እጅግ ያማረ ነው፤ ዝናሙ ግን አይታመንም። ስለዚህ የአገሩ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ አንድ ጥበብ ተምሯል። በደጋው ላይ ዝናም ሲዘንም ጎርፉ በሆርማትና በጎሊና፤ እነርሱንም በመሰሉ ወንዞች ወደ ሜዳው ይወርዳል። ገበሬዎቹም በድንጋይ፣ በአፈርና በዛፍ ቅርንጫፍ ጎርፉን ጠልፈው በቦይ ወደ ማሳቸው ያስገቡታል። በቆላው አንድ ጠብታ ሳይወርድ፤ በደጋው ዝናም ብቻ ማሳው ጠጥቶ የሚጠግብበት ቀን አለ።

ጎርፉ ግን አይቈይም። በጥቂት ሰዓት መጥቶ በጥቂት ሰዓት ያልፋል፤ በሌሊት የሚመጣበትም ጊዜ አለ። የዓመቱ እንጀራ በአንድ ሌሊት ውኃ ሊገኝ ወይም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ውኃውን በተራ ይካፈሉታል፤ ተራው እንዳይፈርስ የሚጠብቅ ሰውም ይመረጣል። እንዲህ ያለውን ሰው በብዙ አገር «የውኃ አባት» ይሉታል።

አሁን ምሳሌ እንስጥ። በዚህ ሜዳ ላይ በአንድ ቦይ የሚጠጡ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ እንበል። የአንዱ ማሳ ከላይ፤ የሁለተኛው ከታች ነው። በነሐሴ ወር በአንድ ሌሊት ብርቱ ጎርፍ መጣ። ተራው የታችኛው ገበሬ ነበረ። የላይኛው ገበሬ ግን ልጁን ቀስቅሶ ፋኖስ አስያዘውና ወደ ማሳው ወጣ። በአካፋም ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ቀደደው። ልጁ «አባዬ፤ ዛሬ ተራው የእኛ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም «ዝም ብለህ ፋኖሱን ያዝ» አለው። ውኃው ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይኛው ማሳ ፈሰሰ። ከዚያም በኋላ በዚያ ክረምት ሌላ ብርቱ ጎርፍ አልመጣም። ወራቱ ሲደርስ የላይኛው ገበሬ ማሽላ ፍሬ ይዞ ተንዠረገገ፤ የታችኛው ግን በአገዳው ቀረ።

ነገሩ በታወቀ ጊዜ ሽማግሎች በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ገበሬውን አስጠሩት። እርሱም ሦስት መልስ ሰጠ። መጀመሪያ «አባቶቼ፤ ሰይጣን አሳሳተኝ» አለ። ሁለተኛ «እርሱም አምና የእኔን ተራ ወስዶብኛል» አለ። ሦስተኛ «አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እኔ ከማን ልማር?» አለ።

እነዚህን ሦስት መልሶች ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ ሁላችንም አንድ ቀን ተናግረናቸዋል። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያው መልስ ከሰው ልጅ ጋር እኩል ያረጀ ነው። አዳም ከተከለከለው ዛፍ በበላ ጊዜ እግዚአብሔር ቢጠይቀው ሚስቱን አመለከተ፤ ሔዋንም በተጠየቀች ጊዜ እባቡን አመለከተች። ሁለቱም የተናገሩት ውሸት አልነበረም፤ ሔዋን ለአዳም ሰጥታዋለች፤ እባቡም ሔዋንን አታልሏታል። ነገር ግን ፍሬውን ወደ አፋቸው ያደረሰችው የገዛ እጃቸው ናት። ፈተና ይጠራል እንጂ አያስገድድም። ሰይጣን በደጅ ቆሞ ይጣራ ይሆናል፤ በሩን የሚከፍተው ግን ባለቤቱ ነው። ገበሬውም ይህን ያውቅ ነበር። ባያውቅማ ኖሮ ልጁን ዝም በል ባላለው ነበር። እግዚአብሔር በሰው ልብ ያኖራት፤ ክፉውን ከደጉ የምትለይ ኅሊና በዚያ ሌሊት ነግራዋለች፤ እርሱ ግን ልጁን ዝም እንዳሰኘ እርስዋንም ዝም አሰኛት።

ሁለተኛው መልስ የሌላውን በደል ለራስ መሸፈኛ ማድረግ ነው። የጎረቤቴ ልብስ ቢያድፍ የእኔ ልብስ በዚህ አይነጻም። ጎረቤቱ አምና ተራውን ወስዶበት እንደ ሆነ በደሉ የጎረቤቱ ነው፤ ስለዚያም ወደ ውኃው አባትና ወደ ሽማግሎች መሄድ ይችል ነበር። ዘንድሮ በሌሊት የተቀደደው ቦይ ግን የእርሱ ነው። ሁለት በደል ሲደመር ሁለት በደል ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሆንም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ያስፈራል። ልጅ ከአባቱ ክፉ ልማድ እንደሚማር እውነት ነው። ነገር ግን አባቱ ስላደረገው አባቱ ይጠየቃል፤ እርሱ ስላደረገው እርሱ ይጠየቃል። ደግሞም ፋኖስ ይዞ የቆመውን ትንሽ ልጅ አንርሳው። አባቱ በደሉን ካላመነ፤ ያም ልጅ ባደገ ጊዜ አካፋ አንሥቶ በሌሊት ይወጣል፤ በሽማግሎችም ፊት «አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር» ይላል።

በደል ከሰው ወደ ሰው እንደ ዕዳ ሲተላለፍ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ከውኃ ይልቅ በደም ይታያል። በራያ፤ እንደ ሌሎችም የአገራችን ክፍሎች፤ ደም መመለስ የሚባል ልማድ ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አንድ ሰው ሰው ቢገድል የሟቹ ወገን ገዳዩን ይፈልጋል፤ ገዳዩ ቢሸሽ ግን ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ደመኛ ሆኖ ይቈጠራል። በገበያ ያልነበረ፤ ጠቡን ያላየ፤ በማሳው ላይ የሚያርስ ሰው ስለ ሌላው ሥራ ይሞታል። የእርሱም ወገን በተራው ደም ለመመለስ ይነሣል። እንዲህ እያለ የአንድ ቀን ቍጣ የሁለት ቤተ ሰብ ርስት ይሆናል። ሕፃናትም አባታቸውን ከማወቃቸው በፊት ደመኛቸውን ያውቃሉ።

በራያ ቆቦ ይህን ክፋት ለማስቆም የሚደክሙ ዘወልድ የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ሽማግሎች ሁለቱን ወገን እንዳይገናኙ ለይተው በመካከል ይመላለሳሉ፤ እውነቱን ይመረምራሉ፤ ካሣ ይወስናሉ፤ በመሐላም ያስታርቃሉ። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ በዳዩ በደሉን ማመኑ ነው። «አላደረግሁም» ከሚል ሰው ጋር ዕርቅ የለም። ሕግም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ወንጀሉን የሠራውንና በወንጀሉ የተካፈለውን ሰው ነው እንጂ ወንድሙን ወይም ልጁን አይደለም።

ይህም ትምህርት አዲስ አይደለም። የእስራኤል ልጆች ወደ ባቢሎን ተማርከው ሳሉ እንደ እኛ ያለ ተረት ነበራቸው፤ አባቶቻቸው በበደሉት እነርሱ እንደሚቀጡ እየተረቱ ያጕረመርሙ ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ከእግዚአብሔር ተልኮ ያን ተረት እንዲተዉ ነገራቸው። ልጅ የአባቱን ኃጢአት፤ አባትም የልጁን ኃጢአት አይሸከምም፤ እያንዳንዱ ነፍስ ስለ ራሱ ሥራ ይጠየቃል፤ ኃጢአተኛም ከክፋቱ ቢመለስ በሕይወት ይኖራል ብሎ አስተማራቸው። ልብ በሉ፤ ነቢዩ ኃላፊነትንና ተስፋን አልለያያቸውም። ኃጢአቱ የእኔ ከሆነ መመለሱም በእኔ ዘንድ ነው። ኃጢአቱ የሌላ ሰው ቢሆን ግን እኔ ከምን እመለሳለሁ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። መከራ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረሀብ ሆነ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ታላቅ ረሀብ መጣ፤ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም ብዙ ሺህ ሕዝብ ምግብ ፍለጋ ተሰብስቦ ብዙ ሰው በዚያ አለቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ምን በድለን ይሆን?» እያለ በራሱ ላይ የሚፈርድ ብዙ ነው። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ባዩ ጊዜ፤ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታችንን ጠየቁት። ጌታችንም እርሱም ወላጆቹም በድለው እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ዓይኑንም አበራለት። እንግዲህ ዝናም በመቅረቱ ልጅዋ በእቅፍዋ የሞተባት እናት ኃጢአተኛ አይደለችም። ነገር ግን የጎረቤቱ ልጅ ሲራብ እህሉን በጎተራ የሸሸገ ሰው፤ የሕዝቡን ረሀብ እያወቀ ወሬውን የደበቀ ሹም፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው በደላቸው በስማቸው የተጻፈ ነው።

እንደዚሁም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ቆቦ ገባ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤትም ኀዘን ተመላ። ሰው የገደለ፤ ስላፈሰሰው ደም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ይህን ማለት ቂም አይደለም፤ ፍርድ ነው። ነገር ግን የገዳዩን ቋንቋ የሚናገር ሕፃን ገዳይ አይደለም። በአገሩ ተወልዶ እንደ እናንተ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ያን ደም አላፈሰሰም። በደልን ከበዳዩ አንሥቶ በወገኑ ሁሉ ላይ የሚጭን ሰው፤ ያው የደም መመለስ ልማድ በሌላ ስም ይዞታል።

አሁን ግን ከባዱ ነገር ይመጣል። ኃጢአቴን በሰይጣን ላይ፤ በጎረቤቴም፤ በአባቴም ላይ መጣል ካልቻልሁ፤ እንግዲህ ሸክሙን ብቻዬን ይዤ ቀረሁ ማለት ነው። ሽማግሎች ካሣ ይወስናሉ፤ ካሣ ግን የሞተውን አያስነሣም። የደረቀውም ማሽላ በልቅሶ አይለመልምም። ኃጢአቱን ያወቀ ሰው ወዴት ይሂድ?

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ተለያይተዋል። ጌታችን በተያዘበት ሌሊት ሁለቱ ደቀ መዛሙርቱ በደሉት። ይሁዳ በገንዘብ ሸጠው፤ ጴጥሮስ ደግሞ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ሁለቱም በኋላ ተጸጸቱ። ይሁዳ ግን ተስፋ ቈርጦ ራሱን አጠፋ፤ ጴጥሮስ ምርር ብሎ አለቀሰና ቆየ፤ ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ በባሕሩ ዳር ተቀብሎ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ሰጠው። ልዩነታቸው አንዱ ጥቂት አንዱ ብዙ መበደሉ አይደለም፤ አንዱ በኃጢአቱ ብቻውን ሲቀር ሁለተኛው ወደ በደለው ጌታ መመለሱ ነው።

ወደ እርሱ የሚመለስ ሰው ለምን ምሕረት ያገኛል? ይህን በአገራችን ልማድ ልንረዳው እንችላለን። ባለዕዳ መክፈል ሲያቅተው የሚከፍልለት ዋሱ ነው። ዋስ በግድ አይገባም፤ ወዶና ፈቅዶ «ዕዳው በእኔ ይሁን» ይላል። የደም መላሽ ሥራና የዋስ ሥራ ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከቱ። ደም መላሽ የአንዱን በደል በማያውቅ ሰው ላይ በግድ ይጭናል። ክርስቶስ ግን አንዳች ኃጢአት ሳይኖርበት የእኛን ዕዳ በፈቃዱ ተሸከመ። ማንም አላስገደደውም። በመስቀል ላይ ሞተ፤ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ። ስለዚህ ኃጢአቴን በሌላ ሰው ላይ ልጥል አይገባኝም፤ ወዶ የተሸከመልኝ ግን አለ። የክርስቲያን ተስፋ ይህ ነው። በዋሱ የሚጠቀመው ግን ዕዳውን የሚያምን ሰው ነው፤ ዕዳ የለብኝም የሚል ሰው ዋስ አይጠራም።

ምሕረት ያገኘ ሰውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዘኬዎስ የሚባል ቀራጭ ከሰው አላግባብ እየወሰደ ባለጠጋ ሆኖ ነበር። ጌታችንን ለማየት በሾላ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ጌታችንም ጠርቶ በቤቱ ገባ። ዘኬዎስም የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፤ ለበደለውም ሁሉ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። የመለሰው ምሕረትን ለመግዛት አይደለም፤ ምሕረት ወደ ቤቱ ስለ ገባ ነው። እውነተኛ ንስሐ በአፍ ጀምሮ በእጅ ይፈጸማል።

ወደ ገበሬአችን እንመለስ። ሽማግሎቹ ሦስቱን መልሶች በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ አንዱ «ልጄ፤ በዚያ ሌሊት አካፋውን የያዘው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ገበሬው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ልጁም ከአባቱ ኋላ ቆሞ ያየው ነበር። በመጨረሻ ገበሬው «እኔ ነበርሁ። ሰይጣንም፤ ጎረቤቴም፤ አባቴም አካፋውን አልያዙልኝም። በደሉ የእኔ ነው፤ እግዚአብሔርም እናንተም ይቅር በሉኝ» አለ። ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሄደ፤ በእግሩም ላይ ወደቀ። ከማሽላው እኩሌታውን ሊሰጠው፤ በሚመጣው ክረምትም የራሱን መጀመሪያ ተራ ሊለቅለት ቃል ገባ። ጎረቤቱም ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደና «አምና ተራህን የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ አንተም ማረኝ» አለው። አንዱ በደሉን ባያምን ኖሮ ሁለተኛው ባላመነም ነበር።

በሚመጣው ዓመት በነሐሴ ሌሊት ጎርፍ መጣ። አባትም ልጁን ቀስቅሶ ፋኖስ አስያዘውና ወጡ። ልጁ «አባዬ፤ ዛሬ ተራው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም «የእኛ ነበረ፤ ለጎረቤታችን ሰጥተነዋል። መንገዱን እንዲያይ ፋኖሱን ከፍ አድርገህ ያዝለት» አለው።

እናንተም ልጆች ሆይ፤ የጓደኛችሁን መጽሐፍ ብትቀድዱ፤ ከብቶቻችሁ በሰው ማሳ ቢገቡ፤ ወይም ውሸት ብትናገሩ፤ ጣታችሁን ወደ ሌላ አታመልክቱ። ሦስት ነገር ተናገሩ። «እኔ አደረግሁ» በሉ፤ ይህ እውነት ነው። «ይቅር በለኝ» በሉ፤ ይህ ትሕትና ነው። «እክሳለሁ» በሉ፤ ይህ ፍርድ ነው። ከዚያም በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ቅረቡ። ወደ እርሱ የሚመለሰውን እርሱ አያሳፍርም።

ጥያቄ።
1. «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ተረት በምን እውነት ነው? በምንስ እውነት አይደለም?
2. ገበሬው የሰጣቸው ሦስት መልሶች ምን ምን ናቸው?
3. መከራና የኃጢአት ቅጣት ልዩነታቸው ምንድር ነው?
4. የይሁዳና የጴጥሮስ ልዩነት ምን ነበረ?
5. ደም መላሽና ዋስ በምን ይለያሉ?